ስለ ቫይረስ ምንነትና ስለ እብድ ውሻ በሽታ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዕድሜያችንን የፈጀነው በመዝገብ ቤት ነው፤ ደብዳቤ ስንቀበል፥ ቁጥር ስንሰጥ፥ ፋይል ስንፈልግ ኖረን በጡረታ ተሰናበትን። ስለዚህ «እኒህ ሰውዬ የሐኪም ነገር ምን አገባቸው?» የሚል አባል ቢኖር እውነት አለው፥ አንቀየምም። ነገር ግን ወደዚህ ጉዳይ የገፋን የገዛ ዕድራችን መዝገብ ነው።

እንደምታውቁት የዕድሩን መዝገብ የምንይዘው እኛ ነን። በመዝገቡ ውስጥ የሟች ስም፥ የሞተበት ቀን፥ ለቤተ ሰቡ የተከፈለው ገንዘብ ይጻፋል፤ በመጨረሻም «ምክንያት» የሚል አንድ ጠባብ ዓምድ አለ። በዚያ ዓምድ ውስጥ የምንጽፈው ከሦስቱ አንዱን ነው፤ ወይ «በሕመም»፥ ወይ «በአደጋ»፥ ወይ «በእርጅና»። ከሦስት ዓመት በፊት በታኅሣሥ ወር አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ስንቀብር «በሕመም» ብለን ጽፈን መዝገቡን ዘጋን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለን።

የልጁን ነገር አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በጥቅምት ወር ለአባቱ ምሳ ይዞ ወደ ሽንኩርት ማሳ ሲሄድ አንድ ውሻ ባቱን ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ ደሙም ወዲያው ቆመ። እናቱ በነጠላዋ ጫፍ አሰረችለት፥ አባቱም ከሱቅ አንድ ፍሬ ቴትራሳይክሊን ገዝቶ ዱቄቱን ነሰነሰበት። የዚያን ዕለት ማታ ቡና ላይ ወሬው ተነሣ። አንዱ «ውሻው የጎረቤት ነው፥ የታወቀ ነው» አለ። ሌላዋ «መድኃኒት የሚያውቅ ሰው አለ፥ እሱ ጋ ይወሰድ» አለች። እኛም እዚያው ነበርን፤ «ትንሽ ጭረት ናት፥ ትድናለች» ብለን ሦስተኛውን ቡና ጠጥተን ወደ ቤታችን ገባን። ውሻው በማግሥቱ የት እንደ ገባ አልታወቀም፤ የጠየቀም የለም።

ቁስሉ ዳነ። ልጁ ትምህርት ቤት ሄደ፥ ኳስ ተጫወተ፥ አህያ ነዳ። ከዚያ አንድ ቀን «የተነከስኩበት ቦታ ይነዝረኛል» አለ። ራሱን አመመው፥ ትኩሳት ያዘው። በሁለተኛው ቀን ውኃ ሲሰጡት ጉሮሮው አልቀበል አለ፤ ቀጥሎም ጣሳውን ገና ሲያይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪም ቤት ሲደርስ ሐኪሙ አባቱን ወደ ውጭ ጠርቶ ለብቻው አነጋገረው። ልጁ ሳምንት አልቆየም።

ጥሩምባው ተነፋ፥ ድንኳኑ ተተከለ፥ ንፍሮው ተቀቀለ፥ ገንዘቡም በዕለቱ ተከፈለ። ከቀብር ቀርቶ የተቀጣ አንድም አባል አልነበረም። ዕድራችን ግዴታውን ሁሉ ተወጥቷል። እኛ ግን በኋላ ቀኑን ቆጠርነው፤ ከተነከሰበት ዕለት እስከ ታመመበት ዕለት 61 ቀን ነበር። እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን መነሻ ይህ ቁጥር ነው። በነዚያ 61 ቀናት ውስጥ ልጁን የገደለው ነገር የት ነበር? ምንስ ያደርግ ነበር? ይህን ለማወቅ የልጅ ልጃችንን የባዮሎጂ መጽሐፍ ተውሰን አነበብን፥ ያልገባንንም የጤና ባለሙያዎችን ጠየቅን።

ልጁን የገደለው ቫይረስ የሚባል ነገር ነው። «ነገር» ያልነው ሆን ብለን ነው። ትልም አይደለም፥ ተባይም አይደለም፥ እንደ ባክቴሪያም አይደለም። ባክቴሪያ ምንም እንኳ በዓይን ባይታይ ሕይወት ያለው ፍጡር ነው፤ ይመገባል፥ ያድጋል፥ ለሁለት እየተከፈለ ይራባል። ቫይረስ ግን አይበላም፥ አይተነፍስም፥ አያድግም፥ በራሱም አይራመድም። ብቻውን ሲሆን ከአቧራ የማይሻል በድን ነው። እንደ ሕያው የሚሠራው በሰው ቤት ገብቶ ብቻ ነው።

ይህ ነገር መጀመሪያ ለኛም አልገባንም ነበር። በኋላ አንድ ያለፈ ነገር ትዝ አለንና ገባን። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በምንሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ መጣ። ፖስታው የታወቀ፥ ማኅተሙ የታወቀ፥ ቁጥሩም የተስተካከለ ነበር። ዘበኛው አሳለፈው፥ እኛም መዘገብነው፥ ታይፒስቷ በስቴንስል መታችው፥ በማባዣ መኪና 200 ቅጂ ተባዝቶ ለየቅርንጫፉ ተላከ። ከሳምንት በኋላ ማኅተሙ የሐሰት መሆኑ ታወቀ። ምን ያህል እንደ ደነገጥን አትጠይቁን። የገረመን ግን ሌላ ነው። አጭበርባሪው የላከው አንዲት ወረቀት ነበረች። ወረቀቷ እጅ የላትም፥ እግር የላትም፥ የጽሕፈት መኪናም የላትም። 200 ያደረግናት እኛው ነን፤ በኛው ወረቀት፥ በኛው ቀለም፥ በኛው ጉልበት።

ቫይረስ ማለት ይህች ደብዳቤ ናት። የሰው አካል ህዋስ ወይም ሴል በሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው፤ ቁጥራቸው ወደ 30 ትሪሊዮን እንደሚሆን ይገመታል። እያንዳንዱን ህዋስ እንደ አንድ መሥሪያ ቤት ቍጠሩት። ዙሪያውን አጥር አለው፥ በአጥሩ ላይ በሮች አሉት፥ ውስጥ የትእዛዝ መዝገብ አለው፥ ትእዛዙን እያነበቡ ፕሮቲን የሚሠሩ መኪናዎችም አሉት። እነዚህ መኪናዎች የቀረበላቸውን ጽሑፍ ሠርተው ያወጣሉ እንጂ «ይህን ማን ጻፈው?» ብለው አይጠይቁም።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ቅርጹ እንደ ጥይት ነው። ርዝመቱ እጅግ ትንሽ ከመሆኑ የተነሣ በአንዲት ሚሊ ሜትር ውስጥ አምስት ሺህ የሚሆኑት ተከታትለው ሊሰለፉ ይችላሉ። በውስጡ ያለው ትእዛዝ አር ኤን ኤ በሚባል ነገር የተጻፈ ነው፤ ወደ 12 ሺህ ፊደል ያህል ሆኖ የአምስት ፕሮቲን አሠራር ብቻ ይዟል። አምስት ብቻ! አንድን ሰው ለመግደል አምስት መስመር ትእዛዝ በቃ ማለት ነው። ከውጭ ደግሞ የስብ ሽፋን ለብሷል፤ እሱም የራሱ አይደለም፥ ከወጣበት ህዋስ አጥር ቆርጦ የለበሰው ነው። በሽፋኑ ላይ እንደ እሾህ የቆሙ ፕሮቲኖች አሉ። የሐሰቱ ማኅተም እነሱ ናቸው።

አገባቡም እንደሚከተለው ነው። እሾሁ ከህዋሱ በር ጋር ከገጠመ፥ ህዋሱ የራሱ ጭነት መስሎት ቫይረሱን ወደ ውስጥ ይውጠዋል። ውስጥ ሲደርስ የስብ ሽፋኑ ይከፈትና ትእዛዙ ይፈታል። መኪናዎቹ ማንበብ ይጀምራሉ። የቫይረሱ ፕሮቲኖች ይሠራሉ፥ ትእዛዙም ይባዛል፥ ሁለቱ ተገጣጥመው አዲስ ቫይረስ ይሆናሉ፤ ከዚያም ከህዋሱ አጥር ሽፋን እየለበሱ ይወጣሉ። አንዲቷ ገብታ ብዙ ሆና ትወጣለች።

እያንዳንዱ ቫይረስ የሚገጥመው በር የተለየ ነው። እዚህ ቆቃ ዳር ቲማቲም የምታለሙ አባሎቻችን ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ተጠቅልሎ ሲቀር አይታችኋል፤ ያም ቫይረስ ነው፥ ነጭ ዝንብ ናት ከተክል ወደ ተክል የምታመላልሰው። ቲማቲሙን ብትበሉት ግን አትታመሙም፥ የናንተ ህዋስ በር ለዚያ ማኅተም አይከፈትምና። እንዲያውም ቫይረስ የሚባል ነገር መኖሩ መጀመሪያ የተጠረጠረው በተክል ላይ ነው። በ1892 እ.ኤ.አ. በሩስያ ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የተባለ ሰው የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጨምቆ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አሳለፈው። የተጣራው ጭማቂ ጤነኛውን ቅጠል አሳመመው። ከባክቴሪያ ያነሰ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በዓይን የታየው ግን ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፥ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከተሠራ በኋላ ነው።

አያቶቻችን ያወሩልን የነበረው የኅዳር በሽታም ቫይረስ ነው። ይኸውም በኅዳር 1911 ዓ.ም. የመጣው ኢንፍሉዌንዛ ነው። የእሱ ማኅተም የሚገጥመው በአፍንጫ፥ በጉሮሮና በሳንባ ህዋሳት ላይ ነው። ከገባ በሰዓታት ውስጥ ተባዝቶ ይወጣል፥ ሰውየው ባስነጠሰና በሳለ ቍጥር ቅጂው ለጎረቤት ይላካል። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደ ሞተ ይነገራል፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ነው የተረፉት። ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ በየቤቱ የቀረበት፥ ጅብም የበላበት ጊዜ ነበር። ለኛ ለዕድርተኞች ከዚህ የከፋ ወሬ የለም። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው ከዚያ ወዲህ ነው። ያን ጊዜ የበሽታው ምክንያት ቫይረስ መሆኑን በዓለም ላይ ማንም አላወቀም፤ ከሰው ላይ ተለይቶ የታወቀው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። ጭሱ ቫይረሱን አላገኘውም፤ ግቢያችንን ግን አጸዳልን፥ እሱስ ይቀጥል እንላለን።

ኤች አይ ቪም ሌላ ተንኮል አለው። ማኅተሙ የሚገጥመው አካላችንን በሚጠብቁት የደም ህዋሳት ላይ ነው፤ ከገባም በኋላ ትእዛዙን ገልብጦ በህዋሱ የራሱ መዝገብ ውስጥ ያስገባል። ፋይል ውስጥ የገባ ወረቀት ለማውጣት እንዴት እንደሚያስቸግር የመዝገብ ቤት ሰው ያውቃል።

ወደ ልጁ እንመለስ። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በር የሚያገኘው በነርቭ ህዋስ ላይ ነው። ነርቭ ማለት ከእግር ጣት ጀምሮ እስከ ጀርባ አጥንት፥ ከዚያም እስከ አንጎል እንደ ስልክ ሽቦ የተዘረጋ ነው። ውሻው ሲነክስ ቫይረሱ ከለሃጩ ጋር ወደ ሥጋ ይገባል። ልብ በሉ፤ በዚያ ሰዓት ገና ነርቭ ውስጥ የለም። ሥጋው መካከል ቀን፥ ሳምንት፥ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ በኋላ ነርቭና ጡንቻ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ይገባል፤ በነርቩም ውስጥ ወደ ላይ ይጓዛል። ጉዞው አዝጋሚ ነው፥ በቀን ጥቂት ሴንቲ ሜትር፥ አንዳንዴም ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ነው ፊቱን ወይም አንገቱን የተነከሰ ሰው ቶሎ የሚታመመው፥ እግሩን የተነከሰው የሚዘገየው። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ አንዳንዴ በሳምንት፥ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ የሚነሣ አለ።

አንጎል ሲደርስ በብዛት ይራባል። ከዚያ በሌላ ነርቭ ወደ ታች ወርዶ ለሃጭ ወደሚያመነጩት እጢዎች ይሄዳል። ተንኮሉን ተመልከቱ! በአንጎል ውስጥ ገብቶ ውሻውን ያሳብደዋል፥ እንዲነክስ ያደርገዋል፥ አፉንም በቅጂ ይሞላዋል። ማሳበዱም ማስነከሱም ለገዛ ደብዳቤው ፖስተኛ ማዘጋጀት ነው። ቫይረሱ ይህን አስቦ አያደርገውም፥ ማሰቢያ የለውም፤ ግን እንዲህ ሆኖ ተገኝቷል። ሰው ደግሞ ውኃ ለመዋጥ ሲሞክር የጉሮሮው ጡንቻ በኃይል ይኮማተራል፤ ለዚህ ነው ጣሳ ሲያይ የሚንቀጠቀጠው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ለማለት ይቻላል፤ በዓለም ላይ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልስ አገኘን። በነዚያ 61 ቀናት ያ ነገር ከልጁ ባት ወደ አንጎሉ በቀስታ በመንገድ ላይ ነበር። ልጁ ኳስ ሲጫወት በመንገድ ላይ ነበር። እኛ ቡና ስንጠጣ በመንገድ ላይ ነበር። ከሞጆ ተነሥቶ ወደ ሐዋሳ እንደሚሄድ የእግር መንገደኛ ነው፤ ማንም ሰው መቂ ላይ ቀድሞ ሊጠብቀው ይችል ነበር።

እንዴት ይጠበቃል? መጀመሪያ ያልሆነውን እንናገር። አባቱ የነሰነሰው ቴትራሳይክሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች የሚሠሩት የባክቴሪያውን መኪና ሰብረው ነው። ቫይረስ ግን መኪና የለውም፥ የሚሠራው በኛው መኪና ነው፤ ስለዚህ የሚሰበር ነገር የለም። አባቱን መውቀሳችን አይደለም፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው ስንቶቻችን ነን ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ገዝተን የዋጥነው? ጉንፋንም ቫይረስ ነው። ሥር መማሱም፥ በርበሬ መነስነሱም፥ በእሳት መተኮሱም አይጠቅምም፤ ቁስሉን ያሰፋል፥ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ቀኑን ይበላል።

የሚጠቅመው የመጀመሪያው ነገር ሳሙና ነው። ይህን ስንሰማ ለማመን አቅቶን ነበር። ይህን ያህል ለሚያስፈራ በሽታ ሳሙና? ነገር ግን ቫይረሱ የለበሰው ስብ ነው ብለናል። ዶሮ ወጥ የተበላበትን ሳህን ውኃ ብቻውን አያጸዳውም፥ ሳሙና ግን ስቡን ይፈታዋል። ቫይረሱም ሽፋኑ ከተፈታ እሾሁ ይበተናል፥ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ይሆናል። መታጠብ ያለበት ወዲያውኑ፥ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ፥ ለ15 ደቂቃ ነው። ሰዓት የሌለው አንድ ጀበና ቡና እስኪፈላ ይጠብ። ልጁ በተነከሰበት ማሳ አጠገብ የመስኖ ቦይ ይፈስ ነበር፤ የጎደለው ሳሙና ነበር።

ሁለተኛው ክትባት ነው። ክትባት ማለት የሞተ ደብዳቤ ነው፤ ማኅተሙ አለ፥ ትእዛዙ ግን አይሠራም። ለአካላችን ዘበኞች «ይህን ማኅተም ተመልከቱ፥ ሲመጣ ያዙ» ተብሎ ይበተንላቸዋል። ዘበኞቹ ለማጥናትና ለመሠልጠን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋሉ። ቫይረሱ አዝጋሚ መሆኑ የጠቀመን እዚህ ላይ ነው፤ ከብዙ በሽታዎች በተለየ ከተነከሱ በኋላ ተከትቦ መዳን ይቻላል። ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ከገባ ግን ዘበኞቹ በደንብ አያገኙትም። ንክሻው ከባድ ሲሆን ሐኪሙ ዘበኞቹ እስኪሠለጥኑ ድረስ የሚያግዝ የተዘጋጀ መከላከያ በቁስሉ ዙሪያ እንዲወጋ ያዛል። ክትባቱ አንድ መርፌ አይደለም፥ በተለያየ ቀን የሚሰጥ ነው፤ አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው ዘበኛን ግማሽ አሠልጥኖ መላክ ነው።

ይህን መንገድ የከፈተው የፈረንሳዩ ሉዊ ፓስተር ነው። በሐምሌ 1885 እ.ኤ.አ. ያበደ ውሻ ብዙ ቦታ የነከሰውን ጆሴፍ ማይስተር የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከተበ፤ ልጁም ዳነ። ፓስተር ቫይረሱን በዓይኑ አይቶት አያውቅም ነበር። በአገራችንም በአዲስ አበባ በጉለሌ ያለውን የምርምር ተቋም የድሮ ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው በዚሁ ሰው ስም ተቋቁሞ ስለ ነበር ነው። ያኔ ክትባቱ ከእንስሳ አንጎል የሚዘጋጅ ሆኖ እምብርት ዙሪያ በየቀኑ ለሁለት ሳምንት ያህል ይወጋ ነበር። ያን የሰማ ሰው ዛሬም ይፈራል። ዛሬ ክንድ ላይ የሚሰጥ ጥቂት መርፌ ነው፤ ለልጆቻችሁ ንገሩ።

በሽታው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በነሐሴ 1895 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ ተነሥቶ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ጽፈዋል። በዓለም ላይ ዛሬም በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰው እንደሚገድል የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ ከመቶው 40ው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። (የዓለም ጤና ድርጅት ስንል የኛዋ ዓለም ጤና አይደለችም። ልጆች ሳለን በሬዲዮ ስሙ ሲጠራ የኛ ከተማ ድርጅት መስሎን ሕንጻው የት እንደሆነ እንፈልግ ነበር።)

ወደ ሰው ከሚተላለፈው ከመቶ 99ኙ በውሻ ነው። ታዲያ ውሻ ሁሉ ይገደል ማለታችን አይደለም። ጅብ ባለበት አገር ያለ ውሻ እንዴት ይታደራል? መግደሉም እንደማይጠቅም በብዙ አገር ታይቷል፤ አንዱ ሲሞት ያልተከተበ ሌላ መጥቶ ቦታውን ይይዛል። ከመቶ ውሻ 70ው በየጊዜው ከተከተበ ግን በሽታው በውሾች መካከል ይቋረጣል። ቫይረስ የሚገባበት ቤት ካጣ ያልቃል። ፈንጣጣን ተመልከቱ፤ ቫይረሱ ከሰው በቀር ሌላ ቤት አልነበረውም፥ ሰው ሲከተብ መግቢያ አጣ። በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ በረሃ ተገኘ፥ ዓመት ከጥቂት ወር ቆይቶ ሱማሌ አገር ላይ ከምድር ገጽ ጠፋ። አያቶቻችንን በክፉ ቀን ያስራባቸው የከብት ደስታ በሽታም ቫይረስ ነበር፤ እሱም በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

የእብድ ውሻ በሽታ ቤቱ ብዙ ነው። ውሻ፥ ድመት፥ አህያ፥ ላም፥ ጅብ፥ ቀበሮ ሁሉ ይይዘዋል። በባሌ ተራራ ላይ በዓለም ከአምስት መቶ በማይበልጥ ቁጥር የቀሩትን ቀይ ቀበሮዎች የፈጀው ከመንደር ውሻ የሄደ ይኸው በሽታ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ግድም እነሱም ተይዘው እስኪከተቡ ድረስ ደርሷል። ቀበሮ ተይዞ ከተከተበ የኛ ውሻ በገመድ ታስሮ መከተብ አያቅተውም። የነከሰው ውሻ ከተገኘም አትግደሉት፥ አስራችሁ 10 ቀን ጠብቁት፤ ለሃጩ በነከሰበት ቀን ቫይረስ ከነበረው በዚያ ጊዜ ውስጥ ታሞ ይሞታል። ነገር ግን ውሻውን እንጠብቅ ብሎ ክትባቱን ማዘግየት አይገባም። በውሻ የተነከሰች ላም ካበደችም አርዶ መካፈል ይቅር።

አሁን ወደ ዕድራችን ጉዳይ እንምጣ። ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ከመካከላችን አንዲት እናት በጋሪ ማቆሚያው አጠገብ ውሻ እጇን ነከሳት። ሴት ልጇ በሳሙና አጠበቻት። መጀመሪያ የሄደችበት ቦታ «ክትባቱ አልቋል» ተባለች። ሁለተኛው ቦታ «ከውጭ ገዝተሽ አምጪ» አላት። እኒህ እናት ገንዘብ ስላልነበራቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ያንኑ ማታ ሦስት ጎረቤቶች አዋጥተው በማግሥቱ አዳማ ወሰዷቸው፤ ክትባታቸውንም ጨረሱ። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፥ መቆም ከፈለጉ ይቁሙ፥ ካልፈለጉ ስማቸውን አንጠራም።

ያን ጊዜ ጎረቤቶቹ ወደ ዕድሩ መጥተው ብድር ጠይቀው ነበር። «ዕድር የሞት ነው፥ የጤና አይደለም፤ ደንቡ አይፈቅድም» ተባሉ። መልሱን በጽሑፍ የሰጠነው እኛው ነን፥ ፊርማውም የኛ ነው። ደንቡን ስናነበው በእርግጥ አይፈቅድም። እኒያ እናት ባይከተቡ ኖሮ ግን በዚሁ ደንብ መሠረት ገንዘቡን በአንድ ቀን ውስጥ እንከፍል ነበር። ደምረን አይተነዋል፤ ለአንድ ሰው የመጓጓዣውና የክትባቱ ወጪ ለአንድ ቀብር ከምናወጣው ያንሳል።

ይህን ስንል አንዳንድ አባቶች «ዛሬ ለውሻ፥ ነገ ለወባ፥ ከነገ ወዲያ ለጥርስ እየተባለ ካዝናው ያልቃል» ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸው ትክክል ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት ሲገባ የብዙ ዕድር ካዝና ባዶ የቀረበትን ጊዜ እናውቃለን፤ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀብር የወጣንበት ጊዜ ነበር። ግን በዚያው ጊዜ ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በሽተኛ ማስታመምና ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች መርዳት ጀመሩ። ዕድርነታቸው አልቀረም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣም እኛው ራሳችን ድንኳን መትከሉን ትተን ነበር፤ ያኔ ደንቡ አልከለከለንም።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ጠባብ ነው፤ ለእንስሳ ንክሻ ብቻ። አባል ወይም የአባል ቤተ ሰብ በውሻ፥ በድመት፥ በአህያ ወይም በሌላ እንስሳ ሲነከስ ገንዘብ ያዡ በዚያው ዕለት፥ ስብሰባ ሳይጠብቅ፥ ያለ ዋስ ለክትባትና ለመጓጓዣ እንዲያበድር፤ ብድሩም ከወር መዋጮ ጋር በአሥር ወር እንዲመለስ። ጥሩምባ ነፊያችን ደግሞ ከሁላችን በፊት የሰፈር ወሬ የሚሰማ ሰው ስለሆነ ንክሻ በሰማ ጊዜ ለጸሐፊው እንዲያስታውቅ፥ በየሁለተኛው የመዋጮ ቀንም «ውሻችሁን አስከተባችሁ?» ብሎ እንዲጠይቅ። ንብረት ያዡም ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጋር ሳሙና በካርቶን እንዲይዝ።

በመዝገቡ ላይ ከኋላ በኩል አንድ አዲስ ሠንጠረዥ አስምረናል። የተነከሰው ሰው ስም፥ ቀኑና ሰዓቱ፥ በሳሙና ታጥቧል ወይም አልታጠበም፥ ክትባት አንደኛ፥ ሁለተኛ፥ ሦስተኛ፥ አራተኛ፥ የውሻው ሁኔታ በ10ኛው ቀን የሚሉ ዓምዶች አሉት። ጉባኤው ካልፈቀደ ገጹን እንሰርዘዋለን። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ነው፥ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።